ዳንዞ የማን ልጅ ነው? በምርጫ ሰሞን ከአኒሜ ጓደኞች ጋር ሳይጣሉ ፖለቲካ ለማውራት

አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የሚያይ ሰው ፖለቲካ አይገባውም የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። ማን ከማን ጋር በየትኛው ክፍል እንደተጣላ በቃሉ የሚያውቅ፣ ተርጓሚው በሳታት አንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር የሚያድር ልጅ የምርጫ ሕግ ማንበብ አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ነው። ምርጫ ሲደርስ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ድራሹ ይጠፋል። ምንጭ ካላየሁ አላምንም ሲል የከረመው ልጅ ያገኘውን ሁሉ ማስተላለፍ ይጀምራል።

ይሄ መመሪያ ከዚራ ጥላ ስር፣ ሳቢያን ካፌ ወይም በርጫ ላይ ተቀምጠው ፊልምና ፖለቲካ ቀላቅለው ለሚያወሩ የድሬ ልጆች ነው። የሐረር ልጆችም ግቡበት፣ የናንተም ድርሻ አለ። የኔ አቋም ባጭሩ፦ ፊልሙን ሕጉን ለመረዳት ተጠቀሙበት፣ ሰው ለመፈረጅ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

መጀመሪያ ካርዱን አውጡ

ይሄን በአጭሩ ልለፈው። 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሰው ይመዘገባል። ያልተመዘገበ አይመርጥም። በ2013 የምዝገባው ጊዜ ደጋግሞ ስለተራዘመ አሁንም ይራዘማል ብላችሁ አትተኙ። ካርድ ሳታወጡ ሦስት ሰዓት ፖለቲካ ማውራት መብታችሁ ነው፣ ግን ሻዩን እናንተ ክፈሉ።

ስም ማውጣት ተው

ከዚራ አንድ ቁርስ ቤት ውስጥ ሁለት ጓደኞቼ ፉል እየበሉ ስለ አንድ ዕጩ ይከራከራሉ። አንደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ተወኝ አቦ፣ ዳንዞ ነው እሱ!" አለ። ከጎናችን የተቀመጡ ጋሼ ዳቧቸውን ወጡ ላይ ትተው ዞር አሉና "ዳንዞ የማን ልጅ ነው? የገንደ ቆሬ ነው?" ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው "እሺ፣ ምልክቱ ምንድነው?" አሉ።

እሳቸው ናቸው ትክክል። ዕጩ ሲነሳ መጠየቅ ያለበት የት ነው የሚወዳደረው፣ ምልክቱ ምንድነው፣ ምን አደርጋለሁ አለ የሚለው ነው። ዳንዞ ብሎ መጥራት ከነዚህ አንዱንም አይመልስም። ዳንዞ ናሩቶ በሚባለው አኒሜ ውስጥ ያለ ክፉ ሹም ነው። ናሩቶን ያላየ ሰው አይገባውም፣ ያየ ሰው ደግሞ ወዲያው ይናደዳል፣ ምክንያቱም የሱ ዕጩ ክፉ ተደርጎ ተስሏል። ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ ዕጩው መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል።

ዳንዞን የግድ ማንሳት ካማራችሁ ሹመቱን አንሱት። ሆካጌ (የመንደሩ መሪ) እንዲሆን ሲታጭ የመንደሩ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም። ጉዳዩ የተወሰነው ላይ ቤት፣ በአገሩ ገዢና በአማካሪዎቹ መካከል ነው። ይሄ ደህና መነሻ ነው፣ ምክንያቱም እኛም ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚሁ አጠገብ አለ። "እኔ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት እገሌን ነው የምመርጠው" የሚል ሰው በየቦታው ታገኛላችሁ። ድሬ ላይ ማንም ጠቅላይ ሚኒስትር አይመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል፣ በራሱ በምክር ቤቱ ነው። የድሬ ከንቲባም በቀጥታ በእናንተ አይመረጥም፣ የከተማው ምክር ቤት ነው የሚመርጠው። እናንተ የምትመርጡት መራጮቹን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው እወቁት፣ ቴሌቪዥን ላይ ያለውን ብቻ አይደለም።

ሕግ ከሕግ ጋር አወዳድሩ

እዚህ ጋ ነው ፊልምና ኮሚክ የምር የሚጠቅመው። ከሁሉም የምወደው ምሳሌ ሀንተር ሀንተር የሚባለው አኒሜ ነው (መሃል ላይ ያለው ኤክስ አይነበብም፣ ተው እያልኩ ዓመታት አለፉ)። የሀንተሮች ማኅበር ሊቀመንበር ኔቴሮ ከሞተ በኋላ 13ኛውን ሊቀመንበር ለመምረጥ የተደረገው ምርጫ አለ። ብዙ ሰው ውጊያ የለበትም ብሎ ይዘለዋል። እኔ ግን በምርጫ ሰሞን ደግሜ የማየው እሱን ነው። ሁሉም ሀንተር ዕጩም መራጭም ነው። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ከ95 በመቶ በታች ሰው ከመረጠ ምርጫው ይደገማል። አሸናፊ ሲጠፋ ከላይ ያሉት ብቻ ተለይተው እንደገና ይወዳደራሉ፣ እንደዚያ እያለ እየጠበበ ይሄዳል።

አሁን ይሄን ከኛ ጋር አስቀምጡት። የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ አለቀ። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም፣ ሁለተኛ ዙርም የለም። ቁጥር ይዛችሁ ተጫወቱበት፦ መቶ ሰው መረጠ እንበል፣ አንዱ 36፣ ሌላው 33፣ ሦስተኛው 31 አገኘ። ባለ 36ቱ ገባ። 64 ሰው ግን እሱን አልመረጠም። በሀንተር ሀንተር ሕግ ቢሆን ይሄ ሰው ገና ሌላ ዙር ይጠብቀው ነበር፣ የ31ዱ ደጋፊዎች ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነገሩን ሁሉ ሊገለብጠው ይችል ነበር። ይሄን ናፕኪን ላይ ጽፋችሁ መሃል ላይ አስቀምጡት። ማንም ሳይሰደብ አንድ ሰዓት ሙሉ ታወራላችሁ። እኔ በበኩሌ ሁለተኛ ዙር ቢኖረን ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ግማሾቹ ወጪው ይበዛል ይላሉ፣ እሱም ነጥብ ነው።

ሌላም አለው ያ ታሪክ። ሊዮሪዮ ዕጩ ለመሆን ሳያስብ ነው ከፊት የመጣው። ለምን? ሁሉም ሰው እያየ ጊንግን (የዋናውን ገፀ ባሕርይ አባት) በቡጢ ስላለው። ሰው ወደደው፣ መረጠው። ደስ ይላል፣ ግን የአስተዳደር ችሎታው ምንድነው ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ፓሪስተን ደግሞ ወዲያው ወረደና ወንበሩን ለቺድል ተወላት። ማሸነፍና መፈለግ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ለሐረር ልጆች፦ የናንተ ሕግ ከድሬው የበለጠ ለክርክር ይመቻል። የሐረሪ ምክር ቤት 36 መቀመጫ ነው ያለው፣ ከነዚህ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። ለነዚያ 14 መቀመጫዎች ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ይምረጡ ወይስ አይምረጡ የሚለው ክርክር በ2013 ፍርድ ቤት ደርሷል። ይሄን ልብ ወለድ ላይ ብታነቡት ደራሲው አበዛው ትላላችሁ። ጀጎል ውስጥ ቡና ላይ አንሱት፣ ከየቤቱ የተለያየ መልስ ነው የምትሰሙት።

ስታር ዋርስን በቀን መቁጠሪያ እዩት

ስለ ፓልፓቲን፣ ስለ ስታር ዋርሱ ክፉ ገዢ፣ የማያወራ የፊልም ልጅ የለም። ግን አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ መብረቁ ነው። ፖለቲካው ያለው ከዚያ በፊት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ሴኔቱ መረጠው። በ2002ቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሰጠው፣ ችግሩ ሲያልፍ እመልሳለሁ አለ። በ2005ቱ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፣ ሴኔቱም አጨበጨበ። መቼ እንደሚመልስ ግን ማንም ቀን አልቆረጠለትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ የኛ ሕገ መንግሥት ቀን ይቆርጣል? ይቆርጣል። አንቀጽ 93ን አውጥታችሁ አንብቡ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፣ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል። ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ። ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አንዴ ከጸደቀ እስከ 6 ወር ነው፣ ከዚያ በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል። "ሊታደስ ይችላል" የሚለው ላይ ስንት ጊዜ የሚል ቁጥር አለ ወይ? ይሄን ለጓደኞቻችሁ ተዉት፣ ራሳቸው ያንብቡ። አንብቦ የመጣ ሰው የሚናገረው ነገር ከፉከራ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ያ ሦስተኛው ፊልም አሜሪካ ውስጥ የወጣው በኛ አቆጣጠር ግንቦት 11 ቀን 1997 ነው። የ1997 ምርጫ የተደረገው ግንቦት 7 ነው። አራት ቀን! የጌም ኦፍ ትሮንስ መጨረሻ ክፍልም የወጣው ግንቦት 11 ነው፣ በ2011። እዚያም አንዱ ተነስቶ ሕዝብ ለምን አይመርጥም ሲል መሳፍንቱ የሳቁበት ትዕይንት አለ። ምንም ትርጉም የለውም፣ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር የማያስደስተው ሰው እዚህ ድረስ አላነበበም።

ፊልም የማይገባበት ቦታ

የድሬ ልጅ ከሆናችሁ 40-40-20 የሚለውን ታውቁታላችሁ። ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌላው 20 ተብሎ የሚጠራው የሥልጣን ክፍፍል ነው። ይሄ ሲነሳ ሆካጌንም ፓልፓቲንንም ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። አብሮህ ያደገ ጓደኛህ የሥራ ዕድሉ፣ የእህቱ ሹመት፣ የአባቱ ቅሬታ ነው እየተወራ ያለው። በዚህ መሃል "እንደ ጌም ኦፍ ትሮንሱ ሰባት መንግሥታት ማለት ነው" ካልክ ቀልድ ይመስልበታል። ዝም ብላችሁ አድምጡ። ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚናገር ሰው ካለ በሚቀለው ቋንቋ ይናገር፣ ድሬ ላይ አስተርጓሚ አይጠፋም። ከዚያ "ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህች ጥያቄ በፊት አስተያየት አትስጡ።

ሰዓቱንም ምረጡ። በርጫ ላይ ከሆነ ገና ሲጀመር ይወራ፣ ጭንቅላት ቀዝቃዛ እያለ። ምርቃናው ከመጣ በኋላ ሁሉም ሰው ሚኒስትር ነው፣ አንድም ሚኒስትር ደግሞ ሌላውን አያዳምጥም። ማታ ጨብሲ ላይ ፖለቲካ ጭራሽ አይነሳ። ያን ሰዓት ፊልም ብቻ።

የሾለከ ውጤት

ይሄ የኛ ሙያ ነው። ታይዋን (እዚሁ ድሬ ያለው ገበያ) ሄዶ ፍላሹን ሲያስጭን "አዲሱ ክፍል ነው" ተብሎ የተሸጠለት የድሮ ክፍል እንደሆነ በአምስት ሰከንድ የሚለይ ልጅ፣ የውሸት የምርጫ ውጤት እንዴት ያታልለዋል? ያንኑ ዓይን ተጠቀሙ። መጀመሪያ የለጠፈው ማነው? ምስሉ ተቆርጧል? ቀኑ አለ? የቁጥሮቹ ድምር ይገጥማል?

አሠራሩንም እወቁት። ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው። ውጤቱ ለሕዝብ እንዲታይ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በስልካችሁ የደረሰው ፎቶ የመልካ ጀብዱ ነው ከተባለ፣ እዚያ ያለ ጓደኛችሁ በባጃጅ ሄዶ በዓይኑ ያየዋል። እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የአንድ ጣቢያ ነው። አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ብዙ ጣቢያ አለ፣ የአንዱን ይዞ "አሸነፍን" ማለት የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ መጨረሻውን እንደ መናገር ነው። ይፋዊው ውጤት የምርጫ ቦርድ ነው። ደግሞም የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1185/2012። "ፎርዋርድ ነው ያደረግኩት" የሚለው መልስ ላያድናችሁ ይችላል።

የሐረር ልጆች ይሄን ከሁላችንም በላይ ቀምሰውታል። በ2013 ድሬ ሰኔ 14 ስትመርጥ ሐረር ድምፅ የሰጠችው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። የሌላውን ውጤት ሦስት ወር ሙሉ ሰምተው ነው ወደ ሳጥኑ የሄዱት። የዓለም ረጅሙ ስፖይለር።

አራቱ ቀናት

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፣ ቅስቀሳ የለም። ሕጉ ፓርቲዎችን ቢያስብም እናንተም ተጠቀሙበት። ቡድናችሁ ውስጥ ፖለቲካ ይቁም፣ ማራቶን ይጀመር። የሀንተር ሀንተርን ምርጫ በሁለት ማታ ትጨርሱታላችሁ። የድሬ ሙቀት ቀን ቀን ስለማያስቀምጥ ከመግሪብ በኋላ ይሁን፣ በረንዳ ላይ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ላፕቶፑ አዙራችሁ።

የምርጫው ቀን ማልዳችሁ ሂዱ። ውሃ ያዙ፣ ኮፍያ ያዙ፣ ሰልፉ ላይ ያሉትን እናቶች አስቀድሙ። የማንንም ዕጩ ምልክት ያለበት ቲሸርት አትልበሱ። የናሩቶ ከሆነ ችግር የለውም።

ከተወራረዳችሁ ደግሞ የተሸነፈው ሳምቡሳ ይግዛ፣ ውጤቱ ይፋ ከሆነ በኋላ። ጓደኛችሁ የደገፈው ዕጩ ከወደቀ ያን ቀን አትደውሉለት። በማግስቱ ደውሉና አዲሱን ክፍል አይቶ እንደሆነ ጠይቁት።