«ትልቅ አድርግልኝ» ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ እሠራለሁ። አንድ ቀን ዓይናቸው የደከመ አባት የቤት ኪራይ ውል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ትልቅ አድርግልኝ» አሉኝ። ከኤ4 ወደ ኤ3 አሳድጌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ከዳር እስከ ዳር ፈለጉ። የኪራዩን ልክ ግን አላገኙትም። አንጀቴን በሉት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው የእኔው ነው፤ ሁሉን ለኮፒ ማሽን መተው። ኤ3 ፊደሉን 1.4 እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚያሳድገው። መጠኑ 12 የነበረው ፊደል 17 ገደማ ይሆናል፤ ብዥታውም አብሮ ያድጋል። የእኛ ፊደል ደግሞ በትንሽ ጭረት ነው የሚለየው። «ቡ» እና «ቢ»ን እዩዋቸው። ያቺ ጭረት ከደበዘዘች ቃሉ ሌላ ቃል ነው።

የሚሻለው ወረቀቱን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉት። ጎግል ድራይቭ ላይ ጫኑትና በኮምፒውተር በጎግል ዶክስ ክፈቱት፤ አማርኛውን ለቅሞ ያወጣዋል። ከዚያ ፊደሉን 18 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ፣ መስመሩን አራርቁ፣ በኤ4 አትሙ። ማህተም ያረፈበት ቦታ ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል። ስለዚህ ቁጥሩንና ስሙን አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። ውል ላይ አንድ ዜሮ ብትጎድል ጣጣው ብዙ ነው።

ሌላው፣ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም መላክ ነው። ላኪው የጨረሰ ይመስለዋል። ጽሑፍን ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሶፍትዌር ግን ያ ፋይል ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች የዎርድ ፋይሉ ከተላከላቸው ግን ፊደሉን እንዳሻቸው ያሳድጉታል። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ኤጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት ብሮውዘር አማርኛን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፉ ፋይሎች ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ፤ ከውስጥ ግን የላቲን ፊደል ናቸው። ሶፍትዌር ሲያነባቸው ትርጉም የለሽ ድምፅ ይወጣቸዋል። ለማወቅ ቀላል ነው። አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ዝብርቅርቅ ካለ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው የጋራ አጻጻፍ፣ እንደገና መጻፍ አለበት።

ግራጫ ፊደልና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይቅርባችሁ። ላሚኔትም እንዲሁ። በድሬ ፀሐይ ላሚኔት የሆነ ወረቀት መስታወት ነው፤ ጤነኛ ዓይንም ያጭበረብራል።

የመጨረሻው ስህተት ሳይጠይቁ መወሰን ነው። በግላኮማ የተነሳ የዕይታው ስፋት የጠበበበት ሰው አለ። እሱ ፊደሉ ከመጠን በላይ ሲተልቅ አንድ ቃል እንኳ ሙሉውን አያይም። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በ16፣ በ18፣ በ22 እና በ28 የታተመበት ወረቀት አለ። «የቱ ይመችዎታል?» ብዬ አሳያለሁ። እኚያ አባት ተመልሰው ሲመጡ 22ቱን መረጡ። የ2 ገጹ ውል 7 ገጽ ሆነ፤ የኪራዩን ልክ እዚያው ቆመው ራሳቸው አነበቡት።