ጊቤን በብስክሌት፦ ዳገቱን ፈርተን ቁልቁለቱን የምንረሳው

ጅማ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት የሚለማመደው ጅሬን ላይ ነው። እያለከለከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይደርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ልቡ ያብጥና ጊቤን፣ በአዲስ አበባ መንገድ ያለውን የጊቤ ወንዝ ሸለቆ፣ ያስባል። እኔም እንደዛው ነበርኩ።

የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው፤ በጅሬን ጊቤን መለካት። ጅሬን አጭር ስለሆነ በእልህ ይወጣል። ረጅም ዳገት ግን እልህ አይወድም። ገና ከታች ማርሹን አቅልሉት። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር እያወራችሁ መውጣት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉን መርሳት ነው። ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ ሃሌአካላ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። መንገዱ ከባሕር ዳር ተነስቶ 58 ኪሎ ሜትር ያህል እየወጣ 3,055 ሜትር ላይ ይደርሳል። እዚያ መጀመሪያ ትለፋለህ፣ ከዚያ ትወርዳለህ። ከአበልቲ፣ ማለትም ከጅማ በኩል ካለው የሸለቆው አፋፍ፣ ለሚሄድ ሰው ጊቤ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ቁልቁለቱን በዱቤ ይሰጥሃል፤ ሂሳቡን ስትመለስ፣ በሸለቆው ሙቀት ይቀበልሃል። ስለዚህ ውሃችሁን ወደ ታች ስትሄዱ አትጨርሱ።

ምግብም እንዲሁ ነው። ከራባችሁ በኋላ መብላት ዳገት ሲደርሱ ለበቅሎ ገብስ እንደመስጠት ነው። ሙዝና ቆሎ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ሳይርባችሁ ቅመሱ። ቡና ብቻ ጠጥቶ መውጣት አይሆንም (ጅማ ሆነን ቡናውን ተዉ ማለቴ አይደለም)።

ትልቁ ስህተት ግን ፍሬን ላይ ነው። ጊቤን የሞከርኩ ቀን ፈርቼ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች አንቄ ይዤ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የኋላው ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ። ቸርኬውን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ሙቀቱ ነው ካላማዳሪውን ያፈነዳው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ እየሳቀ፣ «ወንድሜ፣ እኛ እንኳ በማርሽ ነው የምንይዛት፣ ፍሬኑንማ ብንረግጠው ይቃጠል ነበር» አለኝ። ብስክሌት ደግሞ የሚይዛት ሞተር የላትም። መላው ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅና ቸርኬው እንዲበርድ ማድረግ ነው። ሃሌአካላ ላይም ቢሆን ሰው የሞተው ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አስጎብኚዎች ፓርኩ ውስጥ ቱሪስት በብስክሌት ቁልቁል ማስነዳታቸው የታገደው በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ አትውረዱ። ቸርኬው ከረጠበ ፍሬን ወዲያው አይዝም፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።