ኤንቪዲኤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ዝም ካለባችሁ

ደሴ ያለችው የእህቴ ልጅ ማየት ስለማትችል ላፕቶፗ ላይ ኤንቪዲኤን ጫንንላት። በነጻ የሚገኝ ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ነው፤ ጃውስ የሚባለውን የሚከፈልበት ስክሪን ሪደር ፈቃድ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ ያነባል፣ ፊደላችን ላይ ሲደርስ ግን ጭጭ።

ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ቋንቋ ጨመርን፤ ለመጻፍ ረዳ እንጂ ድምፅ አላመጣም። አጥፍቶ እንደገና መጫንም ያው ነው።

ነገሩ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኤንቪዲኤ በራሱ የሚመርጠው ዋንኮር የሚባለውን የዊንዶውስ ድምፅ ነው፤ እሱ አማርኛ የለውም። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ ግን አለው! ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ ተጭነን ኢስፒክ ኤንጂን መረጥን። ቀጥሎ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ፤ ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛ። ወዲያው ማንበብ ጀመረ። ድምፁ የማሽን ነው፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተተየቡ ጽሑፎች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ አሁንም ትርጉም የለሽ ሆነው ይነበባሉ፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየሩ።

የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ከኤንቪዲኤ ሜኑ፣ ቱልስ ውስጥ ገብቶ ፖርተብል ኮፒ ፍላሽ ላይ ይፍጠር። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ምንም ሳይጭን ከፍላሹ ያስነሳዋል፤ ኮፒውን ሲፈጥር «Copy current user configuration» የሚለው ላይ ምልክት ካደረገ የአማርኛ ምርጫውም አብሮት ይሄዳል።