ለካ ጥፋቱ የሳሙናው አልነበረም
አዲስ ሸሚዝ ገዛሁና ሳላጥበው ለበስኩት። ማታ ላይ አንገቴና የብብቴ ዙሪያ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የገላ ሳሙናዬን ነው። ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ምስኪን ሳሙና!

ኋላ የሸሚዙን ምልክት ሳነብ «አይጨማደድም» ይላል። እንዲህ ያሉ ልብሶች እንዳይጨማደዱ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ (ቆዳን የሚያስቆጣ ጋዝ) የሚለቅ ኬሚካል ይደረግባቸዋል። ከጨርቁ ጋር ያልተዋሃደ ትርፍ ቀለምም ሊኖር ይችላል። ላብና መፋተግ ባለበት ቦታ ቆዳን ሊያስቆጡ ይችላሉ።

ገልብጬ ለብቻው፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና አጠብኩት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ! ደግሜ አጠብኩና በደንብ አለቀለቅኩት። ቆዳዬ እስኪድን ጠብቄ ለበስኩት፤ አላሳከከኝም። ማጠብ ሁሉንም ኬሚካል አያወጣም፤ እንደገና ቢያሳክከኝ ኖሮ ሸሚዙን ትቼ ሐኪም ጋ እሄድ ነበር።