ብልጭ ድርግም የሚል የመኪና የፊት መብራትን እቤት መጠገን

የሚርገበገበው አንዱ መብራት ነው ወይስ ሁለቱም? አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ አምፖሉ፣ ሶኬቱ ወይም ከቦዲ ጋር የታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ ላይ ነው። ሁለቱም ከሆኑ ባትሪውን፣ ዲናሞውን (ባትሪውን የሚሞላውን)፣ ሪሌውን (ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን) እና ማብሪያውን ይጠርጥሩ።

እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ቀድሞ የሚጠረጠረው ዝገት ነው። ሞተሩን አጥፍተው የባትሪውን ገመዶች ይፍቱ፤ ሲፈቱ ኔጋቲቩ መጀመሪያ፣ ሲያስሩ መጨረሻ። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ 1 ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ኩባያ ውሃ በጥብጠው በብሩሽ ይሹት፤ ድብልቁ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ። ቀጥሎ ከመብራቱ አጠገብ ቦዲው ላይ ያለውን የኔጋቲቭ ብሎን ፈትተው፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው መልሰው ያጥብቁት። አብዛኛው ሰው ይህን ዘሎ አምፖል ይገዛል!

ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ማጽዳቱ ትርፉ ድካም ነው፤ ይቀየር። ለ60/55 ዋት (ረጅም/አጭር መብራት) በተሠራ ሶኬት ላይ 100 ዋት አምፖል ማሰር እንዲህ ያቀልጣል። የሃሎጅን አምፖል መስታወቱን በጣት አይንኩ።

ካልተስተካከለ የባትሪውን ቮልት በቴስተር ይለኩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.7 መሆን አለበት። መብራቱ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡ ሞተሩ ሲዞር) ፈዞ ነዳጅ ሲሰጡት የሚደምቅ ከሆነ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ወይም ዲናሞው ደክሟል። ቺንጋውን እቤት መወጠር ይቻላል፤ ዲናሞውን ግን ለኤሌትሪሻን ይተዉ።