«በክርስቶስ ነፃ ነኝ» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ «በክርስቶስ ነፃ ነኝ» የሚል ወጣት ሞልቷል። አባባሉ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ከአባባሉ ቀጥሎ በሚደረገው ላይ ነው።

«አልተከለከለም» ብሎ መዝጋት

ፈተና ሲቃረብ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጫት ይደራል። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጫት የሚል የት አለ?» ይባላል። እውነት ነው፣ የለም። ጳውሎስ ግን ሁሉ ተፈቅዶልኛል ካለ በኋላ ምንም ነገር በላዬ አይሠለጥንም ይላል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። እስቲ ዛሬ ሳትቅም ዋልና ደብተርህን ግለጥ። ሐራራው ካላስቀመጠህ፣ ስለ ነፃነት መከራከሩን ለጊዜው ተወው።

ነፃነትን ሰው ላይ መጫን

ይሄኛው የጅማ ሰው በየቀኑ የሚገጥመው ነው። እኛ ከተማ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው። ምሳ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ሥጋ ነው?» ነው። አንዱ ልጅ «ለእኔ ልዩነት የለውም» ብሎ የሙስሊም ቤት ጥብስ ያዛል። ይብላ፣ ማን ከለከለው። አጠገቡ ግን ይህን ሳይነካ ያደገ ጓደኛው ተቀምጧል። «ምን ያስፈራሃል? ቅመስ እንጂ!» እያለ ያስጨንቀዋል። ጓደኛውም እንዳይሳቅበት ብሎ ይጎርሳል። ቤቱ ሲገባ ግን ኅሊናው እንቅልፍ ይነሳዋል።

በቆሮንቶስም ሰዎቹ የተጣሉት በሥጋ ነበር፤ ለጣዖት በተሠዋ ሥጋ። (የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እርድ ከጣዖት ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፣ የሚመሳሰለው ጭቅጭቁ ነው።) ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ መሆኑን ያውቃል። ሥጋውም አያስፈራውም። ሆኖም ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ጭራሽ አልበላም አለ (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። ልጁስ እውነት ነፃ ከሆነ አንድ ቀን ሽሮ ማዘዝ ምን ያቅተዋል?

ሕግ እየጨመሩ ማጥበቅ

የገላትያ መልእክት የተጻፈው ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን «መገረዝ አለባችሁ» ብለው ለሚያስጨንቁ ሰዎች መልስ እንዲሆን ነው። ዛሬም የሚጾመው የማይጾመውን ይገላምጣል፣ የማይጾመው በጿሚው ይስቃል። ሮሜ 14 ሁለቱንም ይቆጣል።

ነፃነት የነፍስ ብቻ ነው ማለት

ይህን ጅማ ላይ ሆኖ ማለት ይከብዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ምጽዋ ላይ በ1870 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጣ። ኋላ ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ በፊልሞና መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አወጣ፤ ሙሉው በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ጳውሎስ ፊልሞናን ስለ ባሪያው ሲጽፍለት «ነፍሱ ድናለች፣ ይበቃዋል» አላለም። እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ነው ያለው። እሁድ «አርነት ወጣሁ» እያለ ዘምሮ የቤት ሠራተኛውን ደሞዝ የያዘ ሰው ካለ፣ ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብሎ ይክፈላት። ውዝፉንም ጭምር።