የኦብጀክት ፋይልን ክፍሎች በ«ሳይዝ» እንዴት መመዘን እንደሚቻል

አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ስንት ባይት እንደሚይዝ ለማወቅ የኦብጀክት ፋይሉን (ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ ፕሮግራም በማሽን ቋንቋ የሚያወጣውን ፋይል) መጠን ማየት ከንቱ ልፋት ነው። በፋይሉ ውስጥ የስሞች ሰንጠረዥም ስህተት ማደኛ መረጃም ታጭቋል፤ ሲሠራ ግን አንዱም ወደ ሜሞሪ አይጫንም። ለዚህ ሥራ የተሠራው ሚዛን «ሳይዝ» ይባላል፤ ኤስ፣ አይ፣ ዜድ፣ ኢ ብለው በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጽፉታል።

መሣሪያው የጂኤንዩ ቢንዩቲልስ ጥቅል አካል ስለሆነ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ባለበት ሊኑክስ ላይ አብሮ ይገኛል። ለማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ላለ ትንሽ ኮምፒውተር) የሚሠሩ ከሆነ ከኮምፓይለርዎ ጋር የመጣውን ይጠቀሙ፤ ለኤቪአር ቺፕ ለምሳሌ «ኤቪአር-ሳይዝ» አለ።

የትእዛዙን ስም ጽፈው የፋይሉን ስም ያስከትሉ። ቴክስት፣ ዳታ፣ ቢኤስኤስ፣ ዴክ እና ሄክስ የሚሉ ዓምዶች ይመጣሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትርጉማቸውን ከመሸምደድ አንድ ሙከራ ቢሠሩ ይሻላል።

በሲ ቋንቋ ከማንኛውም ፈንክሽን ውጭ 10,000 ኢንት (ሙሉ ቁጥር) የሚይዝ አሬይ (የዋጋዎች ረድፍ) ያውጁ፤ ዋጋ አይስጡት። ኢንት አራት ባይት በሆነበት ኮምፒውተር ቢኤስኤስ፣ ማለትም የመነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸውና በዜሮ የሚጀምሩ ተለዋዋጮች ቦታ፣ በ40,000 ያድጋል፤ ፋይሉ ግን እምብዛም አይወፍርም፤ የዜሮ ክምር በዲስክ ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግምና። (ከጂሲሲ 10 በፊት በነበሩት ኮምፓይለሮች ኦብጀክት ፋይሉ ላይ ለውጥ ካላዩ አይደንግጡ፤ በሳይዝ ትእዛዝ ላይ «ኮመን» የሚለውን አማራጭ በሁለት ሰረዝ ይጨምሩ።) አሁን ለመጀመሪያው ቦታ ብቻ 1 ይስጡ። 40,000ው ባይት ወደ ዳታ ይሻገራል፤ ፋይሉም በዚያው ልክ ይወፍራል። በመጨረሻ «ኮንስት» የሚለውን ቃል ከፊቱ ይጨምሩ፤ ክምሩ ወደ ቴክስት ይገባል። ቴክስት የተባለው ዓምድ የማሽን ትእዛዞችን ብቻ የሚይዝ ይመስላል እንጂ የማይለወጥ ዳታንም ይጨምራል።

ዴክ የሦስቱ ድምር ነው፤ ሄክስም ያንኑ ድምር በሄክሳዴሲማል ይደግማል። በማይክሮኮንትሮለር ላይ ይህን ድምር አላምነውም፤ ሁለት የተለያዩ ጆንያዎችን በአንድ ሚዛን ይጭናል። ለፍላሽ (ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱ ለማይጠፋው ሜሞሪ) ቴክስትንና ዳታን ይደምሩ፤ ለራም (ፕሮግራሙ ሲሠራ ለሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ዳታንና ቢኤስኤስን። ዳታ ሁለቱም ጋ የሚቆጠረው የመነሻ ዋጋው ፍላሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ወደ ራም ስለሚገለበጥ ነው።

ይህን የተማርኩት በሦስት ሌሊት እንቅልፍ ዋጋ ነው። ቺፑ ኤቲሜጋ 328ፒ ነበር፤ 32 ኪሎባይት ፍላሽና 2,048 ባይት ራም አለው። ቴክስትን አይቼ «ግማሹም አልሞላም» ብዬ ተኛሁ። ቺፑ ያለበት ሰሌዳ ግን ጥቂት ሠርቶ ራሱን እንደገና ያስነሳል። የኃይል ምንጩን ቀየርኩ፣ ገመዶቹን በየተራ ነቅዬ ሰካሁ። በሦስተኛው ሌሊት ዳታ 1,210፣ ቢኤስኤስ 716 የሚለውን መስመር በቅጡ አነበብኩ፤ ድምሩ 1,926 ነው። ለስታክ (ፈንክሽኖች ሲጠሩ ጊዜያዊ ዋጋዎች ለሚቀመጡበት የራም ክፍል) የቀረው 122 ባይት ብቻ ሲሆን ሳይዝ ደግሞ ስታክንም ሂፕንም (ፕሮግራሙ እየሠራ የሚጠይቀውን ሜሞሪ) አይቆጥርም። ራሙን የበሉት እኔው የጻፍኳቸው ረጃጅም የስህተት መልእክቶች ነበሩ፤ በዚህ ቺፕ ላይ ተራ የጽሑፍ ሐረግ ዳታ ውስጥ ይገባል። «ፕሮግሜም» በሚለው ምልክት ፍላሽ ውስጥ እንዲቀሩ ሳደርግ ችግሩ ጠፋ።

እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ለማየት ሰረዝና ትልቁን ኤ ይጨምሩ። ከታች የሚመጣው ጠቅላላ ድምር ግን ስህተት ማደኛ ክፍሎችንም ስለሚያካትት ከዴክ ጋር አይገጥምም፤ መሣሪያው ተበላሸ ብለው አይጠርጥሩ። ብዙ ፋይል ሲመዝኑ ሰረዝና ትንሿ ቲ አጠቃላይ ድምር የያዘ መስመር ትጨምራለች።

ሳይዝ የትኛው ክፍል እንዳበጠ ይነግርዎታል እንጂ ማን እንዳሳበጠው አይነግርዎትም። ለዚያ የስሞችን ዝርዝር የሚያወጣውን «ኤንኤም»ን «ሳይዝ-ሶርት» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኪዱ፤ ተጠርጣሪው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው።